ብሉቱዙ በርቶ ሳለ «ያብሩት» ይል የነበረው መተግበሪያዬ

ከአነስተኛ የሙቀት መለኪያ በብሉቱዝ መረጃ ተቀብሎ በስልክ ላይ የሚያሳይ መተግበሪያ በፍላተር (በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም መተግበሪያ በሚሠራበት መሣሪያ) ስሠራ፣ ብሉቱዙ መብራቱንና መጥፋቱን ማወቅ የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አብዛኛውን ጊዜ የበላው አንድ ስሕተት ሲሆን የሠራሁትም እኔው ነኝ፤ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ግን አልሠራውም ነበር።

ቀላሉን ላስቀድም። ፍላተር ብሉ ፕላስ የተባለውን፣ ለብሉቱዝ ሥራ የተዘጋጀ የኮድ ጥቅል ጨመርሁ። ለአይኦኤስ፣ ማለትም ለአይፎን ሥርዓት፣ መተግበሪያው ብሉቱዝን ለምን እንደሚፈልግ የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር የመተግበሪያውን መግለጫዎች በሚይዘው ኢንፎ ፒሊስት ፋይል ውስጥ ጻፍሁ፤ ከአይኦኤስ 13 ወዲህ ይህ ጽሑፍ የሌለው መተግበሪያ ብሉቱዝን ሲነካ ወዲያው ይዘጋል። በአንድሮይድ ከ12ኛው ስሪት ጀምሮ መሣሪያዎችን የመቃኘትና የመገናኘት ፈቃዶች ከተጠቃሚው ይጠየቃሉ፤ ከ6 እስከ 11 ባሉት ስሪቶች ግን ለመቃኘት የሚያስፈልገው የመገኛ ቦታ ፈቃድ ነው። ሙቀት ሊያነብ የመጣን ሰው ያለበትን ቦታ መጠየቅ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

ጥፋቱ የመጣው ቀጥሎ ነው። መተግበሪያው ሲከፈት ሁኔታውን አንድ ጊዜ ብቻ እጠይቅና፣ መልሱ «በርቷል» ካልሆነ «ብሉቱዝዎ ጠፍቷል፤ እባክዎ ያብሩት» የሚል ገጽ አሳይ ነበር። በእኔ ስልክ ለቀናት እንከን አልታየበትም። ለሙከራ የሰጠኋቸው የአይፎን ተጠቃሚዎች ግን ብሉቱዛቸው በርቶ ሳለ «ያብሩት» እንደሚላቸው ጻፉልኝ። እኔም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች «እስቲ አጥፍተው ያብሩት» ብዬ መለስሁላቸው፤ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል። አጥፍተው አበሩት፤ መተግበሪያውን ዘግተው ሲከፍቱትም ያንኑ ደገመላቸው።

አይኦኤስ የሚሰጠው ሁኔታ ሁለት ሳይሆን ስድስት ነው፦ ያልታወቀ፣ ዳግም በመነሣት ላይ ያለ፣ የማይደገፍ፣ ያልተፈቀደ፣ የጠፋ እና የበራ። ብሉቱዝን የሚያስተዳድረው ክፍል ገና ሲፈጠር ሁኔታው «ያልታወቀ» ነው፤ እውነተኛው መልስ ጥቂት ቆይቶ ይደርሳል። እኔ ያን የመጀመሪያውን መልስ ይዤ እሮጥ ነበር። በራሴ ስልክ ያልታየኝ፣ ኮዱን በቀየርሁ ቁጥር የምጠቀምበት ሆት ሪስታርት የተባለው የፍላተር ፈጣን ማስጀመሪያ፣ በፍላተር ቋንቋ በዳርት የጻፍሁትን ኮድ ብቻ እንደ አዲስ አስጀምሮ ከሥር ያለውን የአይኦኤስ ክፍል ሳይነካ ስለሚተወው ነው፤ ያ ክፍል መልሱን ቀድሞ ስላወቀ ሁልጊዜ «በርቷል» ይለኝ ነበር። በኮምፒዩተር ላይ አይፎንን የሚመስለው ሲሙሌተርም ብሉቱዝ ስለሌለው፣ ይህን ገጽ በሐሰተኛ መልስ አልፌው ነበር።

ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላም አልታረምሁም። ከመጠየቁ በፊት ግማሽ ሴኮንድ እንዲጠብቅ አደረግሁት፤ በስልኬ ሠራ፣ ደስ አለኝ፣ ለተጠቃሚዎቹም ላክሁት። መተግበሪያውን አዲስ የሚጭን ሰው ግን አስቀድሞ የሚያየው የፈቃድ ጥያቄ ነው፤ እሱን አንብቦ እስኪመልስ አሥር ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ የእኔ ግማሽ ሴኮንድ ከጥያቄው ጀርባ አልቆ የስሕተቱ ገጽ ይጠብቀዋል። ወደ አንድ ሴኮንድ፣ ከዚያም ወደ ሦስት አሳደግሁት። አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጥር ስቀያይር ከረምሁ።

የሚሠራው መንገድ አንድ ጊዜ መጠየቅን ትቶ ያለማቋረጥ ማዳመጥ ነው። ጥቅሉ የሁኔታውን ለውጥ በስትሪም፣ ማለትም በተከታታይ በሚደርስ የመልእክት ፍሰት፣ ያስተላልፋል፤ «ያልታወቀ» ሲመጣ ምንም ሳይናገሩ መጠበቅ፣ «ያልተፈቀደ»ን ደግሞ ከ«ጠፋ» ለይቶ በራሱ ገጽ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የከለከለ ሰው ብሉቱዙን ሺህ ጊዜ ቢያበራው ምንም አይለወጥለትምና። አንድሮይድም በጠፋና በበራ መካከል «በመብራት ላይ» እና «በመጥፋት ላይ» የሚሉ ሁኔታዎች ስላሉት፣ በእነዚያ ጊዜያት በገጹ ላይ ያለው ቁልፍ እንዳይነካ አድርጌዋለሁ።

ማብራቱን በተመለከተ ተስፋ ባያደርጉ ይሻላል። በአይኦኤስ መተግበሪያ ብሉቱዝን የሚያበራበት ሕጋዊ መንገድ የለም። በአንድሮይድ ቀድሞ በዝምታ ማብራት ይቻል ነበር፤ ለ13ኛው ስሪት ወይም ከዚያ በላይ ለሆነው የተዘጋጀ መተግበሪያ ግን ያንኑ ትእዛዝ ሲሰጥ የሚመለስለት «አልሆነም» የሚል መልስ ብቻ ነው። የቀረው የስልኩ ሥርዓት ራሱ ተጠቃሚውን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። የአንድሮይድ መመሪያ በሚያሳየው ምሳሌ ብሉቱዙ ጠፍቶ ከተገኘ ጥያቄው ወዲያው ይቀርባል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ገና በሩን የከፈተ ሰው ምን እንደሚፈለግበት ሳያውቅ «አይ» ይላል፤ ስለዚህ «ተገናኝ» የሚለውን ቁልፍ እስኪነካ ድረስ አልጠይቀውም።

አሁን እያንዳንዱን እትም ከመልቀቄ በፊት መተግበሪያውን ከስልኩ አስወግጄ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ፤ የፈቃድ ጥያቄው ሲመጣም ሳልመልስ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። ለእነዚያ ሁለት ሰዎች ይቅርታ ጽፌላቸዋለሁ፤ አንደኛው መተግበሪያውን ቀድሞ አጥፍቶት ነበር።