ስንት ብር የሚገባበት ቤት ነው ሀብታም?

ሥራዬ ደመወዝ መሥራት ነው። በየወሩ የብዙ ሰው ገቢ በእጄ ያልፋል። ጥቅል ደመወዝ፣ ግብር፣ ጡረታ፣ የብድር ተቀናሽ፣ የተጣራ። ታዲያ ዘመድ ተሰብስቦ «እሱማ ምን ጎደለበት፣ ወር ላይ ይሄን ያህል ይበላል» ሲባል ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ስንት ብር የሚገባበት ቤት ነው ሀብታም የሚባለው? ሲመላለስብኝ የቆየ ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ ልጻፈው።

ሕጉን ከጠየቅነው መልሱ አጭር ነው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለውን ደመወዝ ነፃ ያደርጋል። ከዚያ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። እዚያ ላይ ያቆማል። 15,000 ብር የምታገኝ ነርስም፣ 300,000 ብር የሚያገኝ ሥራ አስኪያጅም ከመጨረሻዋ ብራቸው ላይ እኩል 35 ሳንቲም ይቆረጥባቸዋል። በሕጉ ዓይን ሁለቱም የላይኛው መደብ ናቸው።

በ2008ቱ አዋጅ ይህ መደብ የሚጀምረው ከ10,900 ብር ነበር። ያኔ ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ ስለነበር 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። አዲሱ መደብ ሲወጣ ዶላር ከ130 ብር አልፏል። 14,000 ብር ማለት እንግዲህ 100 ዶላር አካባቢ ነው። እኛ ዶላር አንበላም፣ እውነት ነው። ዘይቱ፣ መድኃኒቱና ነዳጁ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። ቁጥሩ ሲያድግ ከፍተኛ ተከፋይ ተብሎ የሚቆጠረው ሰው ኑሮ ቁልቁል ወርዷል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሕጉ የሚያየው ሰውን እንጂ ቤትን አይደለም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ባልና ሚስት ሁለቱም ይህን ቢያገኙ ቤቱ የሚገባው 23,000 ብር ነው። ከእያንዳንዳቸው 2,100 ብር ግብር፣ 805 ብር ጡረታ ይቆረጣል። ቤት የሚደርሰው 17,190 ብር ነው። አሁን ባሏ የሞተባትን፣ ሁለት ልጅ ይዛ ብቻዋን 23,000 ብር የምታገኝ እናት አስቡ። ግብሯ 6,000 ብር ነው። ጡረታው 1,610 ብር። እጇ ላይ የሚቀረው 15,390 ብር ነው። ገቢው እኩል ሆኖ ሳለ ብቸኛዋ እናት በየወሩ 1,800 ብር ተጨማሪ ትከፍላለች። ለልጅ ወይም ለምትጦረው ወላጅ ተብሎ የሚቀነስ ነገር በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ይህን ስሌት በሠራሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

ሌላው ትልቁ ጉዳይ ኪራይ ነው። አብረውኝ ከሚሠሩት አንዷ ደመወዟ ከብዙዎቻችን ይሻላል። ደመወዝ የገባ ቀን ከሰዓት ስልኳን ይዛ ኮሪደሩ ጥግ ትቆማለች። መጀመሪያ ለአከራይዋ ትልካለች። ቀጥላ ለእናቷ። ከዚያ ለእቁብ ሰብሳቢው። በየመሃሉ የቀረውን ሒሳብ ታያለች፣ ከንፈሯን ነክሳ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ትልካለች። ሦስቱን ስትጨርስ ከደመወዟ ግማሹ እንኳ አይቀርም። ገና ታክሲ አልተሳፈረችም፣ ገና ሽንኩርት አልገዛችም።

እዚያው ቢሮ ውስጥ ደመወዙ ከእሷ የሚያንስ ሰው አለ። በ1997 የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተመዝግቦ ዓመታት ጠብቆ እጣ የወጣለት ነው። በየወሩ ለባንክ የሚከፍለው ከዛሬው የሰፈሩ ኪራይ ጋር አይወዳደርም። ልጆቹን የተሻለ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ሲታመም ይታከማል። አከራይ ደውሎ «ቤቱን ለዘመድ ልንሰጠው ነው» አይለውም። የኪራይ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ጭማሪውም በመንግሥት የሚወሰን መሆኑ ተከራዩን ትንሽ አሳርፎታል፤ ያም ሆኖ የራስ ቤት የሚሰጠውን እፎይታ አይተካም። በእኔ ደመወዝ መክፈያ እሷ ትበልጣለች። በኑሮ ግን የሞላለት እሱ ነው።

ደግሞ የኛ አገር ቤተሰብ በር ላይ አያበቃም። እኛ ቤት የምንኖረው አራት ነን፤ ከገቢያችን የሚበላው ግን ከአራት ይበልጣል። የባለቤቴ ወንድም ዩኒቨርሲቲ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ እድር አለ። ይህን እንደ ሸክም ቆጥሬ አይደለም የምጽፈው፤ እኔም በሰው እጅ ነው የተማርኩት። ሆኖም ስለ ቤተሰብ ገቢ ስናወራ ይህ ሁሉ ካልተቆጠረ ንግግሩ ጎደሎ ነው።

እህቴ ሜሪላንድ ትኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ከአሜሪካ ቤተሰቦች ግማሾቹ በዓመት የሚያገኙት ከ80,610 ዶላር በታች ነበር። እሷና ባሏ ከዚያ በላይ ያገኛሉ። እዚህ ያለው ዘመድ በብር አባዝቶ ይደነግጣል። እሷ ስትደውል የምትነግረኝ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ልጆች መዋያና ስለ ጤና መድን ነው። አንዳቸው ከሥራ ቢቀሩ ስንት ወር እንደሚቆዩ ታውቀዋለች፣ ብዙ አይደለም። እንዲህም ሆና ለእናታችን መላክ አቋርጣ አታውቅም።

ስለዚህ እኔ ሀብታም የምለው ቤት ይህ ነው፦ ግብሩን፣ ኪራዩን፣ የወላጁን፣ የወር አስቤዛውን ከፍሎ የገቢው ሲሶ የሚተርፈው። ስድስት ወር ደመወዝ ባይገባ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማያስወጣ። ሰው ሲታመምበት መዋጮ የማያሰባስብ። ቁጥር ጥሪ ካላችሁኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ተከራይቶ ለሚኖር አራት ሰው በወር ከተጣራ 100,000 ብር በታች ይህን ሁሉ አያደርግም ባይ ነኝ። የራሱ ቤት ላለው 60,000 ብር ሊያደርገው ይችላል። የኔ ግምት ነው፤ ግን በየወሩ ሰው እንዴት እንደሚኖር እያየሁ የደረስኩበት ግምት ነው።

በዚህ ሚዛን እኛ ሀብታም አይደለንም። ድሃም አይደለንም። ሳንበደር ወር እንደርሳለን፣ ለዚያም እግዚአብሔር ይመስገን።

ሠንጠረዡ እንደገና በሚሻሻልበት ጊዜ ግን ሁለት ነገር ባይ ደስ ይለኛል። 35 በመቶው ከ14,000 ብር ሳይሆን በእውነት ከሞላለት ሰው ይጀምር። ልጅ ለሚያሳድግና ወላጅ ለሚጦር ሰውም አንድ መስመር ይጨመርለት። የዚያች የብቸኛዋ እናት 1,800 ብር ለሁለት ልጆች የወር ወተት ነው።