የእጄ ዝግታ ይሠራው የነበረው ሥራ

ባለፈው ሳምንት ተጠቃሚው አንድን ፋይል ከማጥፋቱ በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ መስኮት መሥራት ነበረብኝ። ንድፉን ቀድሜ ጨርሼ ስለ ነበር፣ መጠኑንና ቀለሙን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቴ ገልጬ ኮዱን እንዲጽፍልኝ አዘዝሁት። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቁርጥ ንድፌን የሚመስል መስኮት ወጣ፤ የማዕዘኖቹ ክብነት፣ የጥላው ስፋት፣ በሁለቱ አዝራሮች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በልኩ ነበር። በውስጤ ያለው ዲዛይነር ረካ።

በውስጤ ያለው ፕሮግራመር ግን እጁን ከማውሱ ላይ አንሥቶ በኪቦርድ ብቻ መሞከር ልማዱ ነው። ታብን ስጫን መስኮቱ እንደ ተከፈተ ከበስተኋላው ባለው ገጽ ላይ መዘዋወር ጀመርሁ፤ ኤስኬፕን ብጫን አይዘጋም፤ «አጥፋ» የሚለውም አዝራር ቀለም ተቀብቶ አዝራር የመሰለ ዲቭ (የራሱ ተግባር የሌለው ተራ የገጽ ሣጥን) እንጂ እውነተኛ አዝራር አልነበረም። ገጹን በስክሪን ሪደር፣ ማለትም የስክሪኑን ጽሑፍ ጮክ ብሎ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ መስኮት መከፈቱን እንኳ የሚነግረው የለም።

ይህ ስህተት ከየት እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም። ሞዴሎቹ የሠለጠኑት ሰዎች ለዓመታት በጻፉት ኮድ ነው፤ እኛም እንዲህ ያለውን መስኮት ከዲቭና ከጃቫስክሪፕት እየገጣጠምን ኖረናል። ለእንዲህ ያለ መስኮት የተዘጋጀው፣ ዳያሎግ የተባለው የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ) ኤለመንት እ.ኤ.አ. በ2014 ክሮም ውስጥ ቢገባም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ የተቀበሉት በ2022 ነው። ይህ ኤለመንት በአግባቡ ሲከፈት፣ የኋላውን ገጽ ከአገልግሎት ውጪ ማድረጉንና በኤስኬፕ መዘጋቱን ብራውዘሩ ራሱ ይሠራዋል። ስለዚህ ረዳቱን ስወቅስ ከወቀሳው ግማሹ ወደ እኔው ይመለሳል፤ የቆየ ልማዳችንን ነው አጥርቶ የተማረው።

ኮዱን አስተካከልሁት። ያሳሰበኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣልኝ ሐሳብ ነው፦ ይህ መስኮት ጭራሽ ለምን አስፈለገ? ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ ስለሚገጥማቸው ሳያነቡት «አዎ» ይላሉ፤ ፋይሉ መጥፋቱ ስህተት እንደ ነበር የሚታወቃቸው ከተጫኑ በኋላ ነው። የሚያስፈልጋቸው ድርጊቱን የሚቀለብሱበት መንገድ ነበር። ኮዱን በእጄ መስመር በመስመር ስጽፍ በነበረበት ጊዜ ይህ ጥያቄ አራተኛው ወይም አምስተኛው መስመር ላይ ይመጣልኝ ነበር፤ የፋይሉ ስም በጣም ቢረዝምስ፣ ኢንተርኔቱ መሀል ላይ ቢቋረጥስ፣ ሰውየው ሁለት ጊዜ ቢጫንስ የሚሉትም እንዲሁ። ድካም ነው ብዬ ሳማርረው የኖርሁት የእጄ ዝግታ ለካ የማሰቢያ ጊዜዬ ኖሯል። መስኮቱን ከነኮዱ አጠፋሁት፤ እርግጠኛ መሆኔን የጠየቀኝም አልነበረም።

ይህን ስል መሣሪያውን እየነቀፍሁ አይደለም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው አንድሬ ካርፓቲ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ «ቫይብ ኮዲንግ» ብሎ የሰየመውን፣ ኮዱን ሳያነቡ በመሣሪያው ተማምኖ የመሥራትን መንገድ፣ ለሙከራ ሥራ ደስ ብሎኝ እጠቀምበታለሁ። ቀድሞ በማይንቀሳቀስ ሥዕል አስረዳው የነበረውን ሐሳብ ዛሬ በሦስት ዓይነት መልክ የሚሠራ አድርጌ ማሳየትና ሁለቱን ያለ ጸጸት መጣል እችላለሁ። ችግሩ የሚመጣው ለመጣል የተሠራው ነገር ስላማረ ብቻ ሳይጣል ሲቀር ነው።

አሁን ረዳቱን ከማዘዜ በፊት ወረቀት ላይ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን እጽፋለሁ፦ ገጹ ባዶ ሲሆን ምን ይላል፣ ሲጠብቅ ምን ያሳያል፣ ሲሳሳት ተጠቃሚውን ወዴት ይመራዋል። ጽሑፉ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚወስድበት ቀን አለ፤ ኮዱ በሰከንዶች ሲመጣ ያተረፍሁት ጊዜ የት ገባ የሚል ካለ መልሱ እዚያ ነው።

በመስኮቱ ፋንታ ማጥፋቱን የሚቀለብስ «መልስ» የሚል አዝራር አስገብቼ ለ10 ሰከንድ እንዲቆይ አደረግሁት። ወዲያው ግን ገጹን በጆሮው የሚከታተል ሰው አዝራሩ ጋ እስኪደርስ 10 ሰከንድ ላይበቃው እንደሚችል ታየኝ። የጠፉት ፋይሎች ለ30 ቀን የሚቆዩበት ቅርጫት ላክልበት እያሰብሁ ነው፤ የቅርጫቱ ገጽ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚል ግን ገና አልጻፍሁም።