በቀትር አልነሳ ያለው የወረቀት ፊኛ

ባሕር ዳር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን «እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ስንት ይመዝናል?» ብዬ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ «ምንም» ይሉኛል። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 6፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል በእኛ ከተማ ከ130 ኪሎ ግራም በላይ አየር ይይዛል፤ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ይከብዳል።

ይህን በዓይናቸው እንዲያዩት ብዬ ባለፈው ጥር አብረን የወረቀት ፊኛ ሠራን። ስስ ወረቀት በዱቄት ሙጫ እያጣበቅን፣ ይዘቱ ግማሽ ሜትር ኪዩብ፣ ክብደቱ 75 ግራም የሆነ ከረጢት አወጣን። ከሰል ምድጃ ላይ የቆርቆሮ ጢስ መውጫ ገጥመን ሞቃቱን አየር በዚያ ሞላንበት። እሳቱ መሬት ላይ ይቀራል፤ ከፊኛው ጋር የሚሄድ ነበልባል የለም።

መጀመሪያ የሞከርነው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ጣና ዳር ነው። ወረቀቱ ተወጠረ። ስንለቀው ግን ዘመም ብሎ ሣሩ ላይ ተኛ። ቀዳዳ ይኖረዋል ብዬ መጋጠሚያውን ሁሉ እንደገና ለጠፍኩ። ከሰል ጨመርኩ፤ የአፉ ጠርዝ ጠቆረ እንጂ ፊኛው ንቅንቅ አላለም።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ስሕተቴ ገባኝ። እኔ የተጨነቅኩት ስለ ውስጡ አየር ብቻ ነበር፤ ፊኛውን የሚያነሳው ግን የውስጡና የውጩ አየር የክብደት ልዩነት ነው። ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ እፍግታ (በአንድ ሜትር ኪዩብ የሚመዝነው) ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በዚያ ላይ ቀትር ነው። በ27 ዲግሪ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 950 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፊኛው ውስጥ፣ በ77 ዲግሪ፣ 810 ገደማ። የግማሽ ሜትር ኪዩብ ልዩነት፣ ማለትም የማንሳት ኃይሉ፣ 70 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ወረቀቱ ግን 75 ግራም ነው። ፊኛውን ያዘመመው ነፋስም የዚሁ ሕግ ልጅ ነው፤ ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ይበልጥ ሲሞቅ፣ በላዩ ያለው አየር ቀሎ ይነሳና የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይገባል።

በማግሥቱ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተገናኘን። ቴርሞሜትሩ 12 ዲግሪ ያሳያል። ከየማዕድ ቤቱ የሚወጣው ጢስ ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ እንደ ተዘረጋ ነጠላ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆማል፤ ሌሊቱን የቀዘቀዘው ከባድ አየር ታች ተኝቷል። በዚህ ሙቀት አንድ ሜትር ኪዩብ አየር አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ የማንሳት ኃይሉ ከ90 ግራም አለፈ። ያው ወረቀት፣ ያው ከሰል። እጃችንን ስናነሳ ፊኛው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከዋርካው ጫፍ በላይ ጥቂት ቆየና እየቀዘቀዘ ደንገሉ መካከል ወረደ።

አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ይዘቱን እጥፍ ብናደርገውስ?» አለችኝ። አብረን አሰላነው፤ የማንሳት ኃይሉ እጥፍ ሲሆን የወረቀቱ ክብደት ከ75 ተነስቶ 119 ግራም ገደማ ብቻ ይደርሳል፤ የቀትሩ ኃይል ግን 136 ይደርሳል። ወረቀቱን ገዝተናል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ እዚያው ሣር ላይ እንለቀዋለን።