የሚጤሰው ወረቀት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ዝናቡ ይሁን የመብራቱ መጥፋት አላውቅም። ማታ ላይ እማዬ በረንዳ ላይ ከሰል ልታያይዝ ከአሮጌ ደብተሬ ጥቂት ሉህ ገነጠለች። የማስተርስ ማስታወሻዬ ነበር፤ ዝም አልኳት። አንዱ ሉህ እርጥበት ይዞት ኖሮ አልነድ አለ። ጠርዙ ላይ ብቻ ቀይ ክር የመሰለ ፍም፣ እዚህ እየቀደመ እዚያ እየዘገየ፣ ነጩን ቀስ እያለ ይበላው ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1997 ፊንላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች እንዲህ እየጤሰ በሚያልቅ ወረቀት ላይ የፍሙ ጠርዝ እንዴት እንደሚዋዥቅ ለክተው ነበር። ሲፈትሹ የነበረው የፊዚክስ ሊቃውንቱ ካርዳር፣ ፓሪዚና ዣንግ እያደገ የሚሄድ ጠርዝ እንዴት እንደሚሻክር ለመግለጽ በ1986 የጻፉትን እኩልታ ነው። በጣም የምወደው ነገሩ ጎረቤት መቁጠሩ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ጎረቤቱን ሳያይ በየፊናው ቢያድግ፣ ጊዜው 4 እጥፍ ሲሆን የጠርዙ ሸካራነት፣ ማለትም ወጣ ገባነቱ፣ 2 እጥፍ ይሆናል። ወጣ ያለው ወደ ጎን እየሰፋ የዘገየውን ሲያለብሰው ግን፣ ለዚያው 2 እጥፍ 8 እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ወረቀትም ሆነ ሌላ ነገር፣ በዚህ መንገድ እስካደገ ድረስ ቁጥሩ አይለወጥም። ይህን መጀመሪያ የተማርኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።

ቀና ስል ማሳው ታየኝ። ዕጣው ደርሶን እዚህ ስንገባ ጤፉ ከደረጃችን ሥር ይጀምር ነበር፤ ጅቡም እዚያው ይጮህ ነበር። አሁን ድምፁ ርቋል። የከተማን ጠርዝ በእኩልታ ላነብ አልሞክርም፤ ከተማ ካርታ የሚያወጣለት ሰው አለው፣ ፍም ግን የለውም። ቢሆንም ሐሳቡ አልለቀቀኝም፣ ምክንያቱም የቶኪዮዎቹን ተመራማሪዎች አስታወስኩ። ታኬውቺና ሳኖ በ2010 ባወጡት ሥራ ሊኩዊድ ክሪስታል (እየፈሰሰም ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የሚሰለፉበት ነገር) ውስጥ ሁከትን፣ ማለትም የተዘበራረቀ ፍሰትን፣ ከአንዲት ነጥብ አስነስተው እንደ ክብ ሲሰፋ ለኩት። ቀጥለው ደግሞ ከቀጥታ መስመር አስነሱት። ሸካራነቱ የሚያድግበት ፍጥነት በሁለቱም ያው ነው። የመዋዠቁ ስርጭት ግን ይለያያል፤ ሁለቱም ትሬሲ–ዊደም ከሚባለው የስርጭት ቤተሰብ ሆነው አንዱ የክቡ፣ ሌላው የመስመሩ። ጠርዙ የቱንም ያህል ቢርቅ ከምን እንደተነሳ አይረሳም ማለት ነው።

ወተት ያመጡልን የነበሩት አባት ማሳ ከብሎካችን ጀርባ ነበር። አሁን እዚያ የኮብልስቶን መንገድ አለ፣ መሃል ላይ ያለ ምክንያት የሚታጠፍ። እሳቸው በየክረምቱ ጎርፍ ለመመለስ የሚቆፍሩት ቦይ በዚያ በኩል ያልፍ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ወይም ትዝ የሚለኝ ይመስለኛል። እሳቸው ወዴት እንደሄዱ አልጠየቅኩም። ነገ በቀን ብርሃን ሄጄ እጥፋቱን አየዋለሁ። የቦያቸው መስመር ይሆን?