ደቻቱ ላይ ዓሣ ሳጠምድ

ትናንት አመሻሽ ላይ ደቻቱ መሐል አሸዋው ላይ ቆሜ የዓሣ ማጥመጃ ስወረውር ነበር። ለድሬ ልጅ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለሌላው ግን፣ ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ጠብታ ውሃ አልነበረም። መንጠቆም አላሰርኩም፣ ክሩ ጫፍ ላይ ቀይ የሱፍ ቁራጭ ብቻ ነው ያለው። ልምምድ ነዋ! አምስት ስድስት ልጆች ከበቡኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ምንድን ነው የሚያዘው?»

«ግመል» አልኳቸው።

ጥፋቱ የአክስቴ ልጅ ነው። ጅቡቲ ነው የሚኖረው። ጥር ላይ ዕረፍት ወስጄ በባቡር ወረድኩ። ጥር ለጅቡቲ ደህና ወር ነው፤ በጋቸው ላይ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት ያኔ የለም። ማታ ልክ እንደ ድሬው ከዚራ ሰፈር በሸሚዝ መውጣት ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ «ዓሣ እናጥምድ» አለኝ። ክርና መንጠቆ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቀጭን ዘንግ ይዞ መጣ። ፍላይ ፊሺንግ ይሉታል። መንጠቆው ላይ ጥቁር ላባ ተጠምጥሞበታል። ስሟ «ዝንብ» ነው፣ መልኳ ግን ወደ ትንሽ ዓሣ ያደላል። ላባ ስለሆነች ክብደት የላትም፣ እንደ ድንጋይ ብትወረውራት እግርህ ሥር ጠብ ትላለች። ይዟት የሚሄደው ወፈር ያለው ክር ነው። ክሩን ወደ ኋላ ትልከዋለህ፤ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ፤ ከዚያ ወደ ፊት። እኔን ያቃተኝ መጠበቁ ነው። ገና ሳይዘረጋ ቸኮልኩና መንጠቆው መጥቶ የገዛ ኮሌታዬን ያዘው።

«አቦ፣ የመጀመሪያው ዓሣ አንተ ሆንክ!» አለኝ።

ጨረቃ አልነበረችም። እንዲህ ባለው ሌሊት የባሕሩ መሙላትና መጉደል ይበረታል፣ ዓሣውም የሚንቀሳቀሰው ውሃን ይከተላል። ላባዋ ጥቁር የሆነችበትን ምክንያት ስጠይቀው፣ ዓሣው ከታች ወደ ላይ ሲያይ ጥላዋ በደንብ ጎልቶ ይታየዋል አለኝ። እስከ ጉልበታችን ገባን። እግርህን አታንሳ፣ እየጎተትክ ሂድ፤ አሸዋው ውስጥ የሚተኛ መርዛም ጅራት ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ አለ፣ ከረገጥከው ይወጋሃል፣ ስትጎትት ግን ሰምቶ ይሸሻል። ይህን የነገረኝ ከገባን በኋላ ነው፣ እግዜር ይስጠው።

እውነቱን ልናገር፣ የፈራሁት ግን እሱን አልነበረም። እኔ በጨለማ የውሃ ድምፅ አልወድም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ከተማው ውስጥ ነበርኩ። ያኔ የሰማሁት ነገር ውሃ አይመስልም፤ ብዙ ከባድ መኪና አንድ ላይ ዳገት ሲወጣ ነው የሚመስለው። ጅቡቲ ያለው ባሕር ደግሞ እሽ፣ እሽ ይላል፣ እንደሚያስተኛ እናት። ቢሆንም አንገቴ ደጋግሞ ወደ ኋላ ይዞር ነበር።

ከዚያ እግሬን ሳንቀሳቅስ ውሃው በራ። ሰማያዊ ብልጭታ፣ ጣቶቼ መሐል። የጮህኩ ይመስለኛል። ለካ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው፣ ውሃው ሲነካካ ያበራሉ። ክሩም ውሃውን ሲቆርጥ ቀጭን የብርሃን መስመር ይሰራል። ለትንሽ ጊዜ ማጥመዱን ትቼ እንደ ሕፃን በእጄ ውሃ ሳማስል ነበር።

ዓሣው የያዘኝ በዚህ መሐል ነው። ክሩን በግራ እጄ እየሳብኩ ሳለ እጄን ነጠቀኝ። ዘንጉን ብድግ አደረግኩ፣ ሄደ። «ዘንጉን ተወው፣ ክሩን በእጅህ ሳብ!» ብሎ ተቆጣ። ዘንጉን ካነሳህ ላባዋን ከአፉ ታወጣለህ። ሁለተኛው ሲመጣ ሳብኩ። ክሩ ጠቋሚ ጣቴን ላጠው፣ ጨው ገባበት፤ ማቃጠሉን አልነግራችሁም። ያወጣሁት መዳፌን የሚያክል ብርማ፣ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። እነሱ ካራንግ ይሉታል። ትልልቆቹ ሰው ያንገዳግዳሉ አሉ። የእኔው ባትሪው ብርሃን ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ሲያየኝ አሳዘነኝና መለስኩት። የአክስቴ ልጅ ለእራት አስቦት ኖሮ እስከ ቤት አላናገረኝም።

ስመለስ አንዱን አሮጌ ዘንግ ሰጠኝ። ጨው ብረት ይበላልና በንጹህ ውሃ እጠበው ብሎኝ ነበር። ድሬ ደርሼ ቧንቧ ስከፍት ውሃ የለም። ሁለት ቀን ቆየሁ፤ የክሩ መጠቅለያ ዛገ። አሁን ሲዞር ይንቋረራል።

ትናንት እሱን እያንቋረርኩ፣ ከልጆቹ ትንሹ «እኔም ልወርውር?» አለኝ። ሰጠሁት። ወደ ኋላ ላከው፣ ቆም አለ፣ ወደ ፊት ለቀቀው። ክሩ ቀጥ ብሎ አሸዋው ላይ ተኛ። እንዲጠብቅ ማን ነገረው?

አንድ እናት ከዳር ሆነው ተጣሩ። «ልጆች ውጡ! ደንገጎ በኩል ጠቁሯል!»

ቀና ብዬ አየሁ። ሚያዝያ ነው፤ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ላይኛው ተራራ ላይ ይዘንብና ውሃው ወደዚህ ይመጣል። ተራራው ጫፍ ላይ መብረቅ ብልጭ አለ። ክሩን መጠቅለል ጀመርኩ፣ ያ የዛገ ነገር ደግሞ አልዞር አለኝ። በእጄ ሰብስቤ ከነአሸዋው አቀፍኩትና ከልጆቹ ኋላ ሮጥኩ።