የሀበሻ ድምጽ የሚጠፋው ፖስታው ላይ ነው፦ ከ2020ው የጆርጂያ ካምፔይን የተማርኩት

በ2020ው የአሜሪካ ምርጫ፣ ጆርጂያ ስቴት፣ አትላንታ አካባቢ ለምደግፈው ፕሬዝዳንታዊ እጩ ቮለንቲር ሆኜ ሰርቻለሁ። የማን እንደሆነ አልገባበትም፣ ምመክረው ነገር ለሁለቱም ፓርቲ ይሰራል፣ የሀበሻን ድምጽ እፈልጋለሁ የሚል ካምፔይን ሁሉ ቢሰማኝ ደስ ይለኛል።

መግባቱ ቀላል ነው። ስምህን ትሰጣለህ፣ በዙም ያሰለጥኑሃል፣ የስልክ ዝርዝርና ስክሪፕት ይልኩልሃል፣ በቃ።

ችግሩ ዝርዝሩ ነው። ካምፔይኖች የሚነሱት ከመራጮች መዝገብ ነው፣ መዝገቡ ማንን እንደመረጥክ አያሳይም፣ በየትኛው ምርጫ ወጥተህ እንደመረጥክ ግን ያሳያል፣ ከዛ ተነስተው ይሄ ሰውዬ የመውጣት እድሉ ይሄን ያህል ነው ብለው ነጥብ ይሰጡታል። ዜግነት ገና አሁን የወሰደ ሰው ታሪክ ስለሌለው ነጥቡ ይወርዳል፣ ወይ ጭራሽ የሚደውልለት የለም። ማውቃቸው ሰዎች፣ ቃለ መሃላ ፈጽመው ባንዲራ ይዘው ፎቶ የተነሱ፣ ለመምረጥ ከማንም በላይ የጓጉ፣ አንዳቸውም ዝርዝሬ ላይ አልነበሩም። ለአስተባባሪው ጻፍኩለት፦ የራሳችንን ዝርዝር እንስራ፣ በየእድሩ፣ ቤተክርስቲያንና መስጊድ ደጃፍ፣ በታክሲና ኡበር ሹፌሮች ግሩፕ እንግባ። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ለጊዜው ግን በስክሪፕቱ ቀጥል አለኝ። አልቀጠልኩም። ከጓደኞቼ ጋር ዝርዝሩን ራሳችን ሰራነው፣ እስከዛሬ የምኮራበት እሱን ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ፊርማው ነው።

ኮሮና ስለነበር ካምፔይኑም የምርጫ ባለስልጣኑም በፖስታ ምረጡ ነው ሚሉት። ጆርጂያ ደግሞ ያኔ ፖስታው ላይ ያለውን ፊርማ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ታወዳድር ነበር። እስኪ የኛን ሰው አስቡት። አንዲት እናት አሉ፣ እኔ እማማ ነው ምላቸው፣ ሲመዘገቡ ልጃቸው አስጠንቷቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ፈረሙ፣ ባሎቱ (የድምጽ መስጫ ወረቀቱ) ቤት ሲመጣ ግን መነጽራቸውን አድርገው እድሜ ልካቸውን እንደሚፈርሙት በአማርኛ፣ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ አድርገው፣ ከስሩ ሰረዝ ጎትተው ፈረሙ። ፊርማው አይገጥምም ተብሎ ባሎቱ ተያዘ። ደብዳቤ መጣ፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ እሳቸው ማስታወቂያ መስሏቸው ከሱፐርማርኬት ኩፖኖች ጋር አስቀመጡት። ህጉ ለማስተካከል የሚሰጠው ከምርጫው ቀን በኋላ 3 ቀን ብቻ ነው፣ ያን ዓመት እስከ አርብ ኖቬምበር 6። ምርጫ ቢሮው ጋ ስንደውል ካንዱ ወዳንዱ ያስተላልፉናል፣ በመጨረሻ ያነሳችው ሴትዮ ቅጹንና የመታወቂያ ኮፒ ላኩ አለች፣ ላክን፣ አልደረሰም ተባለ፣ እንደገና ላክን፣ አሁንም የለም። ልጃቸው ከስራ ፈቃድ ወስዶ ይዟቸው ሄደ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ ይሄ ፊርማ ነው እንዴ ብሎ ጠየቃቸው። ፊደል ቆጥረው፣ ልጆች አሳድገው፣ ዜግነት ፈተና አልፈው የመጡ ሴት ናቸው እኮ! እስከዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ድምጻቸው ተቆጠረ። ግን እሳቸው ሚሯሯጥላቸው ልጅ ነበራቸው፣ ብቻውን የሚኖር ሁለት ስራ የሚሰራ ሰውስ ማን ይሯሯጥለታል? ጆርጂያ ላይ ሁለቱ እጩዎች የተለያዩት በ11,779 ድምጽ ነው።

ስለዚህ ባለስልጣኑ ፈለገውን ይበል፣ እኔ ለትልልቅ ሰዎቻችን ምለው በአካል ሂዱ ነው፣ በኧርሊ ቮቲንግ፣ ማለትም ከምርጫው ቀን በፊት ቀድሞ በሚመረጥበት ጊዜ፣ ሰልፍ ባጠረ ሰዓት። ማንበብ የማይችል ሰው ራሱ የመረጠውን ረዳት ይዞ መግባት በፌደራል ህግ መብቱ ነው፣ ረዳቱ አሰሪው ወይ የሰራተኛ ማህበሩ ሰው እስካልሆነ ድረስ። ይሄን መብት ብዙ ሰው አያውቀውም፣ በር ላይ ያሉ ሰራተኞችም ሳይቀሩ። በአማርኛ የተጻፈ ባሎት ደግሞ አትጠብቁ፣ ፌደራል ህጉ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለኤዥያ ቋንቋዎችና ለአሜሪካ ነባር ህዝቦች ነው፣ የአፍሪካ ቋንቋ አይነካም። ካምፔይኑ ራሱ የናሙና ባሎት በአማርኛና በትግርኛ ሰርቶ ያድል፣ ከቲሸርትና ከስቲከር ይልቅ ገንዘቡን እዛ ላይ ያውጣ።

በፖስታ የግድ ለሚመርጥ፣ ጆርጂያ በ2021 ህጉን ስለቀየረች አሁን ፊርማ ማወዳደሩ ቀርቶ የመንጃ ፈቃድ ወይ የመታወቂያ ቁጥር ነው ሚጠየቀው፣ ባሎቱ በፖስታ እንዲላክልህ የምትጠይቅበት ማመልከቻ ደግሞ ከምርጫው 11 ቀን በፊት መድረስ አለበት። የኛ ስም ግን አሁንም ጣጣ ነው፣ አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት፣ አንዱ ላይ ኤች ተጨምሮ ሌላው ላይ ተቀንሶ። ስትመዘገቡ የዜግነት ወረቀታችሁንና መንጃ ፈቃዳችሁን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ካምፔይኖች ደግሞ የተያዙ ባሎቶችን የሚከታተል አማርኛ የሚችል ቡድን ከምርጫው ቀን በፊት ያቋቁሙ። ስቴቱ የማን ባሎት ተቀባይነት እንዳጣ የሚያሳይ ፋይል ያወጣል፣ ያንን እያዩ በዛው ቀን መደወል ይቻላል። ምዝገባ ከምርጫው አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ስለሚዘጋ ሴፕቴምበር ላይ ሀበሻ ፍለጋ የሚመጣ ካምፔይን ረፍዶበታል፣ ክረምቱ ሳይጋመስ ይምጣ።