ዛፍ ሥር ለመቀመጥ የሚከፈልበት ሰፈር

ባዮሾክ የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ የተጫወተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ቢግ ዳዲ ስለሚባሉት የጠላቂ ልብስ የለበሱ ግዙፍ ጠባቂዎች ነው። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው አርካዲያ ስለሚባለው የጨዋታው ጫካ ዛፎች ነው። ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል።

ጨዋታው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ታሪኩ በ1960 አትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር በተሠራች ራፕቸር በምትባል ከተማ ያልፋል። የቆረቆራት አንድሩ ራያን ነው። ከሩሲያ አብዮት ሸሽቶ አሜሪካ የገባ፣ እዚያም ሀብት ያፈራ ሰው። የአሜሪካ መንግሥትም ሲያስመርረው ባለሀብቱን፣ ሳይንቲስቱን፣ አርቲስቱን ሰብስቦ ባሕር ሥር ወረደ። ሕጉ አጭር ነው፦ ሰው በላቡ ያገኘው የራሱ ብቻ ነው።

ታዲያ ባሕር ሥር አየር ከየት ይመጣል? ከአርካዲያ። ጁሊ ላንግፎርድ የምትባል የዕፅዋት ሊቅ እዚያ ጫካ አበቀለች። ሣር አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ከተማዋም የምትተነፍሰው ከዚያ ነው። ራያን ግን መግቢያው ላይ ዋጋ አወጣበት። ላንግፎርድ በድምፅ ማስታወሻዋ እንደምትነግረን፣ ገበሬ እህሉን ሸጦ፣ ሸክላ ሠሪም ገንቦዋን ሸጣ አታተርፍም ወይ ብሎ ሞገታት። መልስ ልትሰጠው ስትል ደመወዟን የሚከፍላት ማን እንደሆነ ትዝ አላትና ተወችው።

ይህ ክርክር ለእኔ ቀላል አይደለም። የምኖረው ችግኝ ሸጬ ነው። አፈር በገንዘብ ይገዛል፣ ውኃ በገንዘብ ይመጣል፣ በነፃ ውሰዱ ብል ከርሞ ችግኝ ጣቢያው አይኖርም። ግን የእኔ ዋጋ ያልተስማማው ሰው ማዶ ካለው ሻጭ ይገዛል። ራፕቸር ውስጥ ማዶ የሚባል ነገር የለም። ጫካው አንድ ነው። ራያን ከላይኛው ዓለም ጋር መገናኘትንም ከልክሏል፤ ኮንትሮባንድ ያስገባ ሰው ይሰቀላል። ሄዶ ሌላ መፈለግ የማይችል ሰው ምኑን ተገበያየ? ደግሞ ይኸው ራያን፣ የንብረት መብት ጠበቃ ነኝ ባዩ፣ የተቀናቃኙን የፎንቴንን ኩባንያ በጉልበት ወስዶታል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የጫካው ነገር ነው። ራያን በአንድ የድምፅ ቅጂው ላይ፣ ድሮ መሬት ላይ ጫካ እንደነበረው ይናገራል። መንግሥት ሊወርሰው ሲል በእሳት አጋየው። አርካዲያም ላይ ያንኑ ደገመው። ተጫዋቹ እንዳያልፍ ብሎ ዛፎቹን በጋዝ መረዛቸው። አየሩ የሺዎች መሆኑ ግድ አልሰጠውም።

ላንግፎርድ ያኔ ዝም አላለችም። የሞተ ዛፍ የሚያስነሣ፣ በአልዓዛር ስም የተጠራ መድኃኒት ስትቀምም ነበር። ራያን ቢሮዋ ውስጥ በጋዝ ገደላት፤ እሷ ግን እየሞተች የካዝናዋን ቁጥር መስታወቱ ላይ ጻፈችልን። ቀሪው የእኛ ሥራ ነው፦ 7 የተጣራ ውኃ፣ 7 ክሎሮፊል፣ 7 የንብ ኢንዛይም። ኢንዛይሙን ከቀፎ ለማውጣት ቀፎውን በጭስ ማረጋጋት ያስፈልጋል፤ ንብ የሚያውቅ ሰው እንደሠራው ያስታውቃል። ይህን ክፍል አትሩጡበት።

ዛፎቹ ከዳኑ በኋላ ጨዋታው ፎርት ፍሮሊክ ወደሚባለው የከተማዋ መዝናኛ ሰፈር ይወስደናል። ላንግፎርድ በሕይወት ብትቆይና መጀመሪያ ያንን የክፍያ በር ብታስነሳ ደስ ይለኝ ነበር።